ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ማን ይየው

የካቲት 3 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ቢሮ

ደግሰው ትናንት አመሻሹ ላይ መጣ። ከአገራችን ከሰሃላ እስከ መኪና መንገዱ በእግሩ፣ የቀረውን በጭነት መኪና። የያዘው አንድ ብርድ ልብስና ያቺን አሮጌ የጨርቅ ቦርሳውን ነው። ዝናብ ጠፍቶ ፍየሎቹ አልቀዋል። ሚስቱ በሳንባ ምች ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ የሚያቆየው ነገር አልነበረም። ታናሼ ነው፤ እናታችን ስትሞት ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ "እታለም፣ ታስገቢኛለሽ?" ሲለኝ እንደ እንግዳ መጠየቁ አናደደኝና ሰደብሁት፤ ከዚያ አቅፌው አለቀስሁ።

ደስ ብሎኛል። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ቀጥሎ የምጽፈው ያሳፍራልና። ከደስታዬ ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ "ክኒኔን የት ሆኜ ልዋጠው?" የሚል ነበር።

ቤቴ አንድ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መደብ። መስኮቷን በጦርነቱ ጊዜ በቆርቆሮ አስመትቻት እስካሁን አላስነቀልኋትም። ክኒኔ ተልባው ጣሳ ውስጥ ነው፤ ብልቃጡ ሲነካ እንዳይንኳኳ ጥጥ ወትፌበታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እውጠዋለሁ። የኤች አይ ቪ ክኒን ነው፤ ይኸው ጻፍሁት። በዚህ ከተማ የምታውቀው የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እየሩስ ብቻ ናት። ባሌም ያውቅ ነበር፤ እሱ አፈር ሆኗል።

ይህን ደብተር ቤት አላስገባውም። ያለፈበት የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ነው፤ እዚሁ መዝገብ ቤት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆለፋል። እዚህ መሥሪያ ቤት አሮጌ መዝገብ የሚገልጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

የካቲት 4

ዘዴ አገኘሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን "ደግሰው፣ የግቢው በር መዘጋቱን እየው እስቲ" አልሁት። ወጣ። ዋጥሁ። ተመለሰ። "ተዘግቷል" አለ። ተገላገልሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ደግሰው የድንጋይ ፈለጣ የቀን ሥራ ጀምሯል። ትናንት ማታ "ዛሬ አንቺ እዪው" አለኝ።

"ከቢሮ የመጣሁት እኔ፣ የምወጣውም እኔ?"

"እኔስ ድንጋይ ስፈልጥ አይደል የዋልሁት?"

ተሳሳቅን። ግን አልተነሣም። ሰዓቱ እያለፈ ነው። በመጨረሻ ቆጣ አልሁበትና ወጣ፤ ሲወጣ ግን ወደ ቦርሳው ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። ምን አለው እሱ ውስጥ? እሰርቀው ይመስል! ወይስ ጨለማ ፈራ? የሰሃላን ገደል በሌሊት የሚወርድ ሰው።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

የቀጠሮ ቀኔ ነበር። ሲስተር እየሩስ መዘነችኝ፤ ደህና ነኝ። "አልጣሽ፣ ዘንድሮ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ልስጥሽ። ቫይረሱ ላለበት ሰው ነቀርሳው ቅርቡ ነው። ሦስት ወር ብቻ ነው የምትውጪው" አለችኝ።

ሌላ ክኒን፣ ሌላ ብልቃጥ። ተልባው ጣሳ አንዱን እንኳ በግድ ነው የያዘው።

"ሆዴን ያመኛል፣ ለሚቀጥለው ይሁን" አልኋት።

"ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?"

"ብቻዬን አይደል የምኖረው።"

አፌን ያዝ እንኳ አላደረገኝም። ደግሰው ከትናንት ጀምሮ ማሳል ጀምሯል። የድንጋዩ አቧራ ነው። አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ እንዲሠራ እነግረዋለሁ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ደግሰው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አይቀምስም። የቤቱ ባለቤት እትዬ እማዋይሽ "ወንድምሽ የተባረከ ነው፤ እንዲህ ያለ ጎልማሳ ዛሬ የት ይገኛል?" አሉኝ። እንደ እናት ኮራሁ። ሲያስል ከደጅ ሆነው "ይማርህ!" ይሉታል።

ሁለት ሰዓት ላይ ያው ክርክራችን ነው። "በሩን ማን ይየው?" እሱ ይወጣል፤ ታላቅ ነኛ።

የካቲት 21፣ አርብ

ከትናንት ወዲያና ትናንት የመልአኩ አክስት ለቅሶ ቤት አመሸሁ። መልአኩ እዚህ መዝገብ ቤት አብሮኝ የሚሠራው ነው። ክኒኔን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ሄጄ ሽንት ቤት ገብቼ ዋጥሁ። ውኃ አልነበረም፤ በምራቄ። ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሊያስመልሰኝ ነበር፤ እግዜር አተረፈኝ።

ስመለስ ደግሰው ፊቱ ፈካ ብሎ አገኘሁት። "ብቻህን መሆን ተስማምቶሃል መሰል" ብዬ ቀለድሁበት። አልሳቀም።

ጥጥ ለመነኝ። ጆሮዬን ብርድ እየገባው አስቸገረኝ አለ። ከባዘቶዬ ቆንጥሬ ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለመነኝ። ጆሮህ ይበላዋል እንዴ?

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው የነቀርሳ ጽሑፍ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል። ማታ ማታ የሚያልበው። ክብደት የሚቀንስ። ሰባት ዓመት ቀጠሮ በጠበቅሁ ቁጥር አንብቤዋለሁ፤ በቃሌ እወጣዋለሁ።

ሳሉ ከጀመረ አሥራ ስምንት ቀኑ ነው። ቆጥሬ ነው።

ማላቡ በብርድ ልብሱ ነው፤ ወፍራም ነው። መክሳቱ በጾሙ ነው። ማን የማይከሳ አለ? እትዬ እማዋይሽም ከስተዋል።

መልአኩ ዛሬ ስለ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ ሲያወራ፣ "እንዲህ የሚያስል ሰው ሳንባው ብቻ አይደለም፤ ሌላም ነገር ሳይኖርበት አይቀር። ስንቱን አይተናል" አለ። እየሳቀ ነበር። ፋይሉን ገልብጬ አሰርሁት፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁት።

ወንድሜን ሰው እንዲህ እንዲለው አልፈልግም። ጤና ጣቢያ ያልወሰድሁት ለሱ ብዬ ነው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ትናንት የመዝገብ ቆጠራ ነበር፤ እስከ ሦስት ሰዓት አመሸን። ስገባ ደግሰው ተኝቷል። በሰላም ዋጥሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን።

መጋቢት 5፣ አርብ

ከድንጋዩ ሥራ ቀረ። "አቅም አጣሁ እታለም፤ ጾሙ ነው" አለኝ። ቀን ቀን ደጅ ይቀመጣል፣ እትዬ እማዋይሽ ያጫውቱታል። ማታ በሩን እየው ስለው "ዛሬስ እግሬ እምቢ አለኝ" ይላል። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ትናንትም። ሦስት ማታ አለፈኝ ማለት ነው። ሦስት!

ዛሬ አንዱን በወረቀት ጠቅልዬ ቢሮ አመጣሁት። ከመሳቢያ ሳወጣው መልአኩ አየ።

"ራስሽን አሞሻል? እኔንም ፈልጦኛል፤ አንድ ጣይልኝ።"

"የመጨረሻዋ ናት።"

"ክፉ! ግማሿን እንኳ።"

እጁን ዘርግቶ ቆመ። አፌ ውስጥ ከተትኋት። ያለ ውኃ፣ እያየኝ። ደግሞ በጾም፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። "ጾምሽንም ገደፍሽ" አለኝ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጠበል ወሰድሁት። ከነገ ወዲያ ሦስተኛ ቀኑ ይሆናል፤ እስከ ሰባት እናደርሳለን። ጠበልተኛው ብዙ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቤት ተጨናንቆ ያድራል፣ እኛ ግን እየተመላለስን ነው። ውኃው ሲወርድበት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። አጥንቱን አየሁት። ዓይኔን ወደ ተራራው መለስሁ።

ለምን ጠበል አስቀደምሽ ብትሉኝ አምናለሁ እላለሁ፤ አምናለሁም። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ከሄድን "ከማን ጋር ትኖራለህ? አብራህ የምትኖረዋም ትመርመር" ይላሉ። ካርዴን ያወጣሉ። ደግሰው አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ጠበሉ ስም አይጠይቅም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ትናንት ደብረ ዘይት ነበር። ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳበት አገኘሁት። የዛሬ ሳምንትም አንድ በስቷል።

ብርድ ልብሱን ሳሰጣ ላቡ ይንጠባጠባል። ለእትዬ እማዋይሽ ውኃ ፈሰሰበት አልኋቸው።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

አባ አሥራተ ማርያም፣ የንስሐ አባቴ፣ ትናንት ቤት መጡ። ደግሰው መስቀል ሊሳለም ሲነሣ ግድግዳውን ያዘ። ስሸኛቸው አባ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"አልጣሽ፣ ይኸ የጾም ክሳት አይደለም።"

"ጠበል ላይ ነው አባ። ደግሞ ከዘጠኝ በፊት ምንም አይቀምስም።"

"አርባ ዓመት ጿሚ አይቻለሁ። ጿሚ ይከሳል፤ እንዲህ ግን አያተኩሰውም። መስቀሌን ሲስመው ግንባሩ አቃጠለኝ። ሐኪም ጋ ውሰጅው። ጠበሉ ይቆየዋል፤ ጠበሉ የትም አይሄድ። እንዲበላም ፈቅጃለሁ።"

"እሺ አባ። ነገ እወስደዋለሁ።"

"የምትፈሪው ነገር አለ?"

"ምንም የለም አባ።"

እንዲህ ብዬ መስቀላቸውን ሳምሁ። የንስሐ አባቴ ናቸው። ለሳቸው ያልነገርሁትን ለማን ልናገር ነው?

መጋቢት 26፣ አርብ

"ነገ" ካልሁ አራት ቀን ሆነ። በስም ማውጫው ላይ ቁጥር ስሳሳት ዋልሁ።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ በፍጥነት። ከሰኞ ጀምሮ እኔም እያሳልሁ ነው። ትንሽ ነው፤ ደረቅ ነው። ጠዋት ብቻ ነው።

ፈራሁ። እናቴ ሆይ፣ በጣም ፈራሁ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ደም ተፋ። መሐረቡን ደበቀኝ፤ ግን አየሁት። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ይቃዥ ጀመር፤ ሚስቱን በስሟ እየጠራ "ውኃ አቀብዪኝ፣ እኅቴ ወጥታለች፣ ቶሎ በይ" ይላታል። ቶሎ በይ ለምን? ምን ሊያደርግ?

ባጃጅ ጠራሁ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ሆስፒታል አስተኙት። ነቀርሳ ነው፤ አክታው ላይ ወዲያው ተገኘ። የመዘገበው ነርስ ከኔ የሚያንስ ወጣት ነው፤ ጥያቄውን ከወረቀቱ ላይ እያነበበ ይጠይቃል።

"አብሮት የሚኖር?"

"እኔ።"

"ሌላ ሕመም አለብሽ? ስኳር፣ ኤች አይ ቪ?"

ደግሰው አልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል። "ጤነኛ ነኝ" አልሁ።

ወደ እሱ ዞረ። "አንተስ፣ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?" ደግሰው መጀመሪያ እኔን አየ። ከዚያ "የለም" አለ። ንጹሕ ወንድም ስላለኝ ኮራሁ። ይህንን ነው የተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ለደም ምርመራ ፈቃድ ሲጠይቁት እምቢ አለ። መርፌ ይፈራል፤ በልጅነቱም ይፈራ ነበር።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

የነቀርሳውን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ይሰጡታል። አልተሻለውም። ሐኪሙ ለነርሱ በኮሪደሩ ላይ ሲናገር ሰማሁ፤ "ይህን ያህል የወረደው በነቀርሳ ብቻ አይመስለኝም። ያልነገሩን ነገር አለ።"

ያልነገርኋቸው እኔ ነኝ። እንዴት ግን የኔ ዝምታ እሱን ያወርደዋል?

እትዬ እማዋይሽ የግቢውን ውኃ መቅጃ ጣሳ ቀይረዋል። አዲሱ የሚቀመጠው ቤታቸው ውስጥ ነው።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ቢሮ ማንም የለም

ለፋሲካ ልብሱን ላጥብለት ብዬ ቦርሳውን ገለበጥሁት። ሸሚዝ፣ ዳዊት፣ ምላጭ። ከታች በካልሲ የተጠቀለለ ነገር። ነቀነቅሁት፤ ድምፅ የለውም። ከፈትሁት። ጥጥ ነው። የኔ ጥጥ፤ እኔ በእጄ ያባዘትሁት።

ከጥጡ ሥር ያለው ክኒን የኔው ክኒን ነው። ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ በላዩ ላይ ያለው ፊደል። የኔ መስሎኝ ሮጬ ተልባውን ጣሳ ከፈትሁ። የኔው አለ፤ በቦታው።

ቀሚሴ ላይ ዘረገፍሁት። ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ "90፣ ጥር 20" ተጽፎበታል። ሰባ አራት ቀርቷል። ደጋግሜ ቆጠርሁ፤ መቼም ሥራዬ ቆጠራ ነው። አሥራ ስድስት ብቻ ተውጧል። አሥራ ሁለቱ እኔ ቤት ከመምጣቱ በፊት ናቸው። እኔ ቤት በሁለት ወር ውስጥ አራት።

ሁለቱ ለቅሶ ቤት ያመሸሁባቸው ናቸው። አንዱ የቆጠራው ማታ። አራተኛውን አላውቀውም።

ሁለት ሰዓት። የሱም ሁለት ሰዓት ነበር። በየማታው ልክ በሰዓቱ እየተቆጣሁ ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት ላይ ነበርሁ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ዓርብ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ሲስተር እየሩስ ቤት ሄድሁ። የስቅለት ዕለት ሰው ቤት አይኬድም፤ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋት፤ የኔንም፣ የሱንም። የሱን ለመናገር መብት የለኝም ነበር። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "የካቲት ላይ ጠይቄሽ ነበር እኮ አልጣሽ" አለችና እንባዋን ጠረገች።

ወዲያው ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። ቅዳሜ የኔን አክታ ወሰዱ፤ ትናንት ውጤቱ መጣ። አለብኝ። እኔም አለብኝ። ዛሬ ጠዋት መድኃኒቱን ጀመርሁ፤ ስድስት ወር ነው። ቢሮ የገባሁት ይህን መዝገብ ለመውሰድና ለመልአኩ ፈቃድ ወረቀቴን ለመስጠት ብቻ ነው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ሲያየኝ አልቀለደም። "ይማርሽ" አለኝ፤ ወንበሩን ግን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

መስኮቱን ላስነቅል እትዬ እማዋይሽን መዶሻ ለመንኋቸው። አመጡልኝ። እጄ ላይ ግን አልሰጡኝም፤ መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ቆርቆሮውን ራሴ ነቀልሁት። ሦስት ዓመት የከረመ አቧራ ወረደብኝ፤ ከዚያ ነፋስ ገባ።

ለደግሰው ግን ገና አልነገርሁትም። ዓይኑ ሰፍቷል። ሐኪሙ "የሰውነቱ አቅም በጣም ወርዷል። የሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ ልንጀምርለት አንችልም፤ የነቀርሳውን ሁለት ሳምንት ይውሰድ፣ ከዚያ ያኛውን እንቀጥላለን። እስከዚያ ከቆየልን" አለኝ። እስከዚያ ከቆየልን። ይህን ቃል ከጆሮዬ ማን ያውጣልኝ?

ሚያዝያ 17፣ አርብ፣ ሆስፒታል

ይህ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቢሮ ወጥቶ ጉልበቴ ላይ ነው።

ቆይቷል። አሥራ አምስት ቀን ሆነው። ትኩሳቱ ትናንት ትንሽ በረድ ብሏል፤ ሐኪሙ ግን "ገና ነው፤ አትዘናጉ" ብሎኛል፤ እኔም አልተዘናጋሁም፤ ሲተነፍስ እየቆጠርሁ ነው። ያኛውን ክኒን ዛሬ ማታ እንዲጀምር ፈቀዱለት። እኔ እንድሰጠው ለመንኋቸው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁለቱንም ብልቃጥ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥጡን አውጥቼ ጥዬዋለሁ። ሲንኳኩ ደግሰው ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የሱን አየ፤ ፊቱ ደነገጠ፤ ወደ ግድግዳው ሊዞር ሲል የኔን አየ።

"ስንት ዓመት?" አለኝ።

"ሰባት። አንተስ?"

"አምስት።"

"ለምን አትነግረኝም?"

"አንቺ ያሳደግሽኝ ነሽ። ምን ብዬ?" ሳል ያዘው፤ ጠበቅሁት። "አንድ ማታ ኪሴ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። ደጅ ሆኜ ስውጠው እትዬ እማዋይሽ ከጨለማው ውስጥ 'ምን ትበላለህ ልጄ?' አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደፍሬ አላወጣሁትም።"

አራተኛው ማታ ይኸ ነበር።

"ቀን ቀንስ? እኔ ቢሮ ስሆን?"

"ሰዓቱ አይደለማ። ሰዓቱን አትሳት ብለውኛል፤ ያለ ሰዓቱ ያለው አይሠራም ብዬ። ደግሞ ጾም ነው፤ ከዘጠኝ በፊት እንዴት እገድፋለሁ?"

ልጮህበት ነበር። ልጮህበት የምችለው እኔ ነኝ እንዴ? ሰዓቱን የዘጋሁበት እኔ። አንዷን በእጁ ላይ አደረግሁለት፤ እጁን በእጄ ደገፍሁለት። የኔንም አወጣሁ። ከአንድ ብርጭቆ ጠጣን፤ እሱ ቀድሞ፣ እኔ ቀጥዬ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ያየናል። ይይ።

ራሱን ትራሱ ላይ መለሰ። ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ይህን መጻፍ ጀመርሁ። ከዚያ በዚያ በደከመ ድምፁ፦

"እታለም፣ በሩን ማን ይየው?"

"ተወው" አልሁት። "ክፍት ይደር።"